ለሞተ ድንኳን አለ፤ ለታመመስ? ዕድራችሁ ለአባላቱ ጤና ገንዘብ ከመመደቡ በፊት

የዓመቱ ሒሳብ ተነቦ ሲያበቃ ድንኳኑ ውስጥ ያልተለመደ ጸጥታ ሆነ። ዕድራችን ገንዘብ ተርፎት አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ተረፈው። ዳኛችን መነጽራቸውን አወለቁና «ለሞተ የምናደርገውን እናውቃለን፤ ለታመመስ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ ተከራከርን። አንዱ ክሊኒክ እንክፈት አሉ። ሌላዋ ለሁሉም የጤና መድን እንክፈል አሉ። ከግል ክሊኒክ ጋር በቅናሽ እንዋዋል ያሉም ነበሩ። ወጣቶቹ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያ ገዝተን በየወሩ እንለካ አሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ በመሆኔ፣ አማራጮቹን አመዛዝኜ እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

ያቀረብኩት እነሆ። ሌሎች ዕድሮችም እንዲህ ያለ ክርክር እንደያዙ ስለሰማሁ አስፋፍቼ ጽፌዋለሁ። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባ ናቸው፤ በሌሎች ከተሞች የመዋጮው መጠንና የወረዳው አሠራር ይለያያል።

በነፃ የሚገኘውን አትግዙ

ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ሁሉ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ ያውቀዋል። የመጠንቀቂያውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ግን ጽሑፉ አይናገርም። የተወሰነው በእርግጥ ተከፍሏል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በእኛ ስብሰባ ላይ «ለወላዶች የማዋለጃ ወጪ እንመድብ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ብዙ ራስ ነቅንቆለት ነበር። ወላዷ ገንዘብ የሚያስፈልጋት ለታክሲና ለገንፎው ነው፤ ማዋለጃውን አትከፍልበትም።

ሁለተኛው ያልተነካ ሀብት የሰው ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በከተሞች ነርሶች በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት ቤት ለቤት ይዞራሉ። በኋላም አዲስ አበባ ላይ የኩባንና የብራዚልን ልምድ ያየ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር መጥቷል። ቡድኑ ነዋሪውን በኑሮ ደረጃውና በጤና ሁኔታው ይለያል፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ክትትል የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ያለበትን ድሃ ቤት አስቀድሞ ይጎበኛል። በወረቀት ላይ ያማረ አሠራር ነው። ችግሩ ብዛት ነው። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ በደረጃው 40,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከ40,000 ሰው ውስጥ የትኛው በር ተዘግቶ እንደሰነበተ ቡድኑ ሊያውቅ አይችልም። ዕድር ግን ያውቃል። መዋጮ ሳይከፍል ሁለት ወር ያለፈው አባል ስሙ በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ ገንዘብ ያዡም ለቅጣቱ ሲል ሄዶ ያንኳኳል።

የእኔ ሐሳብ በአጭሩ ከዚህ ይነሳል። የዕድር ትልቁ ሀብት ካዝናው አይደለም። በየወሩ የማይቋረጥ ስብሰባው፣ የስም መዝገቡና ጡሩምባ ነፊው ናቸው። እነዚህን የሚጠቀም አማራጭ ይበልጣል፤ ሐኪም ቤትን ለመምሰል የሚሞክር ያንሳል።

ጤና ጣቢያ የማይሄደው ማን ነው?

ከአማራጮቹ በፊት ይህን ጠይቁ። በሥራ ዘመኔ አንዲት አዛውንት የግፊት ታካሚ ነበሩ፤ ጉሊት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ይሸጣሉ። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ከመቀነታቸው በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ፈቱ። ክኒኖቹ በቢላ ለሁለት ተገምሰዋል፤ የአንዳንዶቹ ጠርዝ ተፈርፍሮ ላስቲኩ ውስጥ ዱቄት ሆኗል። «እማማ፣ ለምን ይገምሱታል?» አልኳቸው። «የአንድ ወሩ ሁለት ወር እንዲሄድልኝ ነዋ» አሉኝ። ብር ቸግሯቸው መስሎኝ ስለ ነፃ ሕክምና ማስረዳት ጀመርኩ። አቋረጡኝ። «ልጄ፣ መድኃኒቱስ ነፃ ነው። እዚህ ተሰልፌ የምውልበትን ቀን ጉሊቱን ማን ይቀመጥልኛል?»

ነፃ መሆን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ካርድ ክፍል በር ላይ ተሰልፎ እስከ ቀትር መዋል ለቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ለእኚያ እናት ክሊኒክ ብንከፍትላቸውም፣ መድን ብንገዛላቸውም ነገሩ አይፈታም ነበር። የፈታው ሌላ ነው፤ ግፊታቸው ሲረጋ ሐኪሙ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ አዘዘላቸው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ በዕድር ማኅተም ቢቀርብ ምን ያህል ሰው እንደሚያሳርፍ አስቡት። ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

በየሰፈሩ የሚቀሩት ሰዎች ይመሳሰላሉ። ወረዳው በድሃነት መዝግቦ መድኑን የሚከፍልላቸው አሉ፤ ራሳቸውን የቻሉም አሉ። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ድሃ ለመባል የማይበቁ፣ ለመክፈል የማይችሉ ሞልተዋል፤ የዕድር ገንዘብ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ናቸው። መታወቂያ የሌላቸው ተከራዮችና ከክፍለ ሀገር የመጡ የቤት ሠራተኞችም አሉ። ደረጃ መውረድ ያቃታቸው አዛውንቶች አሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ ተነስተው ከተማው ዳር የሰፈሩ፣ ዕድራቸውን ግን ያልለቀቁ አባላት ተጨምረዋል። እነዚህ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ፤ የክትትል ካርዳቸው ግን የድሮው ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። የዝውውር ወረቀት እንዲያወጡ መወትወት የዕድሩ ሥራ ሊሆን ይገባል።

የራስ ክሊኒክ መክፈት

አጭር ላድርገው፤ አትክፈቱ። ፈቃድ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ፣ ደረጃውን የጠበቀ ክፍል፣ ኪራይ፣ ደመወዝ ያስፈልጋል። መድኃኒት ለማደል ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዓመት በምረቃ ሞቅታ ያልፋል፤ በሁለተኛው ዓመት ነርሷ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው የክሊኒኩ ክፍል የድንኳንና የወንበር መጋዘን ይሆናል። የበርካታ ዕድሮች ኅብረት ሆናችሁ፣ ቤት ካላችሁና ቋሚ ገቢ ካገኛችሁ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ዕድር ለብቻው ግን አይችለውም።

ከግል ክሊኒክ ጋር የቅናሽ ውል

ይህ የሚማርከው ከወጪ ነፃ ስለሚመስል ነው። የክሊኒኩ ሰው መጥቶ «ለዕድራችሁ አባላት የካርድ ግማሽ ዋጋ» ይላል፤ ጭብጨባ ይሆናል። የታካሚ ወጪ ግን ከካርድ ይልቅ ላቦራቶሪና መድኃኒት ላይ ነው። ካርዱን በግማሽ ቀንሶ ሦስት የማያስፈልግ ምርመራ የሚያዝ ቦታ ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ ያስከፍላችኋል። እህቴ ትኩሳት ይዟት ሄዳ የታዘዘላትን የምርመራ ዝርዝር ሳየው ግማሹን ምን እንደሚፈልጉበት ለእኔም አልገባኝም፤ ቅናሽ የተባለው የካርዱ ብቻ ነበር።

የግል ክሊኒክ እውነተኛ ጥቅሙ ሰዓቱ ነው። ማታና እሑድ ክፍት ነው፤ ወረፋው አጭር ነው። ደመወዝተኛ ለበዛበት ዕድር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተዋዋላችሁ ቅናሹ የሰፈራችሁ ሰው በብዛት በሚታዘዛቸው አራት ወይም አምስት ምርመራዎች ላይ ይሁን፤ ዋጋቸው በብር ተጽፎ ከውሉ ጋር ይያያዝ። በመቶኛ የተጻፈ ቅናሽ ዋጋው በተጨመረ ማግስት ትርጉም ያጣል። ደግሞም ይህ መንገድ የሚጠቅመው መክፈል የሚችለውን ነው። በቅናሹም መክፈል ያልቻለው አባል ያው እቤቱ ነው።

የልኬት ቀን

ወጣቶቹ ያቀረቡት ሐሳብ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። ግፊት አያሳክክም፣ አያስነጥስም። ሰው ጤነኛ መስሎት ሲመላለስ ከርሞ አንድ ጠዋት አፉ ይጣመማል። የዕድራችንን የአምስት ዓመት የለቅሶ መዝገብ ሳገላብጥ «በድንገት» የሚለው ቃል የተደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው የልኬት ቀናችን አስቂኝ ነበር። ጡሩምባ ነፊያችን እንደ ልማዳቸው በማለዳ ወጥተው ጡሩምባቸውን ነፉ። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። «ማን ሞተ?» «ማንም አልሞተም፣ ግፊት ልትለኩ ነው!» አንዳንዱ ተበሳጨ፣ አንዳንዱ ሳቀ፤ የወጣው ሁሉ ግን አልተመለሰም። በጤና ትምህርት ወረቀት እንዲያ ያለ ሰው ተሰብስቦ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ለልኬት ቀን ጡሩምባ ቀርቶ በድምፅ ማጉያ እንዲነገር ተወስኗል፤ ለልብ ሕመምተኞች ሲባል።

መሣሪያው ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል ይሁን፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ያሳስታል። ወፍራም ክንድ ላላቸው ሰዎች ሰፊ መጠቅለያ ለብቻው ግዙ። ተለኪው አምስት ደቂቃ ዐርፎ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ ከሹራብና ከጋቢ ነፃ ይሁን፣ በልቡ ትክክል ይቀመጥ። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። በመጀመሪያው ወር ይህን ዘንግተን ከአቦል ቀጥለን ስንለካ ሰፈሩ በሙሉ ሕመምተኛ ሊመስለን ነበር። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለተኛውን ጻፉ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሌላ ቀን ይደገምለት፤ ከደገመው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። 180/120 ካለፈና የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የእጅ መዛል ወይም የአነጋገር መኮላተፍ ካለ ቀጠሮ የለም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። በ907 የቀይ መስቀልን፣ በ939 የከተማውን አምቡላንስ መጥራት ይቻላል።

የስኳር መለኪያ የምትገዙ ከሆነ የማሽኑን ዋጋ ትታችሁ የወረቀቱን ጠይቁ። ማሽን በስጦታም ይገኛል፤ መለኪያ ወረቀቱ ግን ያልቃል፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ከሌላ ማሽን ጋርም አይሠራም። ሰፈራችሁ ያለው መድኃኒት ቤት ዘወትር የሚያመጣውን ዓይነት ግዙ። ስኳር ያለበት አባል በጾም ወቅት፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገርም አሳስቡ። በዐቢይ ጾም ሳምንታት ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

የልኬት ቀን ትልቁ ድክመት ለክቶ መተው ነው። ቁጥር ነግሮ ማሰናበት ሰውየውን አስደንግጦ ያለ መድኃኒት መተው ነው። ስለዚህ መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት ከጤና ጣቢያው ቤተሰብ ጤና ቡድን ጋር ተነጋገሩ፤ ቡድኑ በዕድር ስብሰባ ቀን አንድ ባለሙያ ቢልክ ልኬቱም ምዝገባውም ቀጠሮውም እዚያው ያልቃል። ባለሙያዎቹ በዚህ ደስ ይላቸዋል፤ ቤት ለቤት ዞረው ዘበኛና ውሻ ከሚያባርራቸው 100 ሰው በአንድ ድንኳን ማግኘት ይሻላቸዋል። የተላከው ሰው መሄድ አለመሄዱን ደግሞ በሚቀጥለው ወር መዋጮ ሲከፍል ገንዘብ ያዡ ይጠይቀው። ቁጥሩ ግን የሰውየው ምስጢር ነው፤ በመዋጮ መዝገብ ላይ አይጻፍ።

የጤና መድን

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ኋላ አዲስ አበባም ደርሷል። የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው ነው፤ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለጉሊት ቸርቻሪው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ ይሸፈናል። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችና አብረው የሚኖሩ ዘመዶች ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅላቸዋል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ይኬዳል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪው ወደ ራሱ ይመለሳል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለቁንጅና የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ለአባላት ካልነገራችሁ ከሆስፒታል በር የተመለሰው ሁሉ ዕድሩን ይረግማል።

ትልቁ ቅሬታ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። ወረዳችሁ ከከነማ ወይም ከሌላ መድኃኒት ቤት ጋር ውል እንዳለው ጠይቁ። «የለም» የተባለውን በማዘዣው ላይ አስጽፉ፤ ከውጭ ሲገዛ ደረሰኝ ይያዝ። ያም ሆኖ የምመርጠው ይህን ነው። ቀዶ ሕክምናን የመሰለ ድንገተኛ ወጪ ቤት የሚያሸጠውን ቤተሰብ ከልመና የሚያድን ሌላ አማራጭ በዝርዝራችን ላይ የለም።

ዕድር በመድን ጉዳይ ሦስት ዓይነት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

አንደኛው ለሁሉም አባል እኩል ድጎማ ማድረግ ነው። ይህ ለውሳኔ ቀላል፣ ለጠብ ሩቅ ነው። ግን ባለ ፎቁም የጉሊቷ እናትም እኩል ያገኛሉ፤ ትንሿ ድጎማ ለባለ ፎቁ አትታወቀውም፣ ለእናቲቱ አትበቃትም። ገንዘቡ እንደ እህል ውኃ ላይ ተበትኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ለጥቂቶች ሙሉውን መክፈል ነው። እኔ ከድጎማው ይልቅ ይህን እደግፋለሁ፤ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። የሚያበላሸው እፍረት ነው። ስም በጉባኤ ላይ ከተነበበ፣ በኩራት የኖረ ሰው «እኔ ድሃ አይደለሁም» ብሎ ይተወዋል። እኛ የሚከፈልላቸውን የሚለዩ ሦስት ሰዎች መረጥን፤ አንዷ የሰፈሩን ጓዳ የሚያውቁ ሴት እንዲሆኑ አደረግን፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ለጉባኤው የሚነገረው የቤተሰቦቹ ቁጥርና የብሩ መጠን ብቻ ነው። ክፍያው ለሰውየው በእጅ አይሰጥም፤ ወረዳ ላይ ተከፍሎ ደረሰኙ ለዕድሩ ይመጣል። በዝርዝሩ ያሉትን መንግሥት በድሃነት መዝግቦ ሊሸፍናቸው ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ከወረዳው ጋር አጣሩ። ዕድር ስለ አንድ ቤተሰብ ኑሮ የሚሰጠው ምስክርነት ክብደት አለው፤ የተዘለለ ሰው አስመዝግባችሁ ገንዘባችሁን ለሌላ ማዋል ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ብዙ ሰው መድን የማይገባው ዓመታዊ ክፍያው በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ ነው፤ ያውም በትምህርት ቤት ክፍያና በበዓል መካከል። ያው ገንዘብ በ12 ተከፍሎ በየወሩ ከዕድር መዋጮ ጋር ቢሰበሰብ አይሰማም። ዕድር ለሞት በየወሩ ጥቂት በጥቂት ማስቀመጥን መቶ ዓመት ገደማ ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው፤ ለመድን ማድረግ ያቅተዋል? ለዚህ የተለየ ደረሰኝና የተለየ የባንክ ደብተር ያስፈልጋል። ከቀብር ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ አንድ መጥፎ ወር ይበላዋል። የመመዝገቢያና የማደሻ ወቅቱን ከወረዳ ጠይቃችሁ መሰብሰቡን ከዚያ ወር ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጀምሩ። ወቅቱ አንዴ ካለፈ የተሰበሰበው ገንዘብ ካዝና ውስጥ ሆኖ ሰው ይታመማል፤ ይህን ከሚያህል ኀፍረት ይሰውራችሁ።

የመድኃኒት ድጋፍ

መድን የሌለውን፣ ወይም መድን ኖሮት መድኃኒት ያጣውን በዚህ መርዳት ይቻላል። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስም፣ ለሚጥል በሽታና ለአእምሮ ሕመም ይሁን፤ እነዚህ ሲቋረጡ ነው የሚጎዱት። ለጉንፋን ማስታገሻ አይሁን፤ ያለ ማዘዣ ለሚገዛ አንቲባዮቲክማ ከቶ አይሁን። ገንዘቡ ለታካሚው በጥሬው ከመስጠት ይልቅ ማዘዣው ታይቶ ለመድኃኒት ቤቱ ይከፈል። ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ዋጋቸው ይቀላል፤ ከሁለቱ ካጣችሁ በኋላ ወደ ሌላው ሂዱ። የተረፈ መድኃኒት አሰባስቦ ማደል ግን ወንጀልም አደጋም ነው፤ በጎ ልብ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው ስለሚያነሱት ነው የምጽፈው።

በብድር ይሁን በስጦታ? በእኛ ዘንድ ብድር ይሁን የሚል ድምፅ በረታ። እኔ አልተስማማሁም። የግፊት መድኃኒት በየወሩ ነው፤ በየወሩ የሚበደር ሰው በስድስተኛው ወር ስብሰባ መምጣት ያፍራል፤ መምጣት ካቆመ ዕድሩም ሰውየውን አጣው ማለት ነው።

ኢንሱሊን የሚወስድ አባል ካላችሁ ደግሞ ብር ከመመደባችሁ በፊት ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ፈልጉለት። የእኛ ሰፈር ልጅ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው የዕድሩ ዳኛ ቤት ነው፤ ማታ ማታ ሊወጋ ሲመጣ እራቱንም እዚያው ይበላል።

እንደ ካዝናችሁ

ካዝናችሁ ባዶ ከሆነ፦ የመድን መዋጮን በየወሩ ሰብስቡ፣ ጤና ጣቢያውን ስለ ሦስት ወር መድኃኒት ጠይቁ፣ የቤተሰብ ጤና ቡድኑን ወደ ስብሰባችሁ ጋብዙ። ለእነዚህ የሚያስፈልገው የጸሐፊው እግር ብቻ ነው። ጥቂት ካላችሁ ለጥቂት ቤተሰቦች መድን ክፈሉና አንድ ጥሩ የግፊት መለኪያ ጨምሩ። ደኅና ገንዘብ ካላችሁ የመድኃኒት ድጋፉን አክሉ፤ ደረጃ መውረድ ላቃታቸው አዛውንቶችም በቀጠሯቸው ቀን የሚያጅብ ወጣትና የታክሲ ሒሳብ መድቡ። አባላታችሁ በብዛት ደመወዝተኞች ከሆኑ የግል ክሊኒኩ ውል ይጠቅማችኋል። የቀብር ክፍያችሁ የማይነካ መጠባበቂያ ከሌለው ግን ሁሉንም አቆዩት፤ ለቅሶ ላይ ገንዘብ ያጣ ዕድር በማግስቱ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ የጤናውም አብሮ ይሄዳል።

ውሳኔያችሁን በቃለ ጉባኤ ስታሰፍሩ የብሩን ጣሪያ፣ የሚጸናበትን ዓመትና ማን እንደሚቆጣጠረው ጻፉ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ሐረግ አታስገቡ፤ ያቺ ሐረግ ስንት ዕድር አጣልታለች።

እኛ በመጨረሻ የወር መሰብሰቡን፣ ለጥቂት ቤተሰቦች ሙሉ ክፍያውንና የልኬት ቀኑን አጸደቅን። ክሊኒክ ይከፈት ያሉት ጎረቤቴ አሁንም አላመኑም፤ የመጀመሪያውን ወር የመድን መዋጮ ግን ከሁሉም ቀድመው ከፍለዋል። ያላለቀው የተከራዮች ጉዳይ ነው። ደንባችን ቤት ያለውን ብቻ አባል ያደርጋል፤ ተከራይ ነገ ይለቃል የሚል የቆየ ፍርሃት አለ። በግቢያችን ሦስት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ስምንት ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ የሚጥል በሽታ አለበት። መታወቂያ እንዲያወጡ ዕድሩ ይመስክርላቸው፣ ለጤናው ክፍል ብቻ የሚከፍሉ ግማሽ አባል ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቅርቤ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አድሯል። እስከዚያ ስማቸው በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ተጽፎ እኔ ዘንድ አለ።